ኪስ ያለው ሰማይ

ሰማዩን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከሁሉ በፊት ይሄ ይታወቅልኝ። ጋዜጣው «ስማቸው ያልተገለጸ የጥበብ ባለሙያዎች» ብሎ ጽፎልናል። ባለሙያዎቹ እኔና ታላቅ እኅቴ ነን። ስማችን ያልተገለጸው የጠየቀን ስለሌለ ነው።

እናታችን ስትሞት ለእኔና ለእታለም አንድ ክፍል ሱቅ፣ ሁለት የስፌት መኪና እና አንድ መቀስ ተወችልን። መኪናው ሁለት ስለሆነ ለመካፈል አላስቸገረም። መቀሱ ግን አንድ ነው። ትልቅ ጥቁር የብረት መቀስ፤ የአውራ ጣቱ ቀለበት ላይ እናታችን ጣቷን ሲያማት ጊዜ የጠመጠመችበት ሰማያዊ እራፊ አለ። ሕጉም አብሮ ነው የተወረሰው፤ ጨርቅ እንጂ ሌላ ነገር አይቆረጥበትም። ወረቀት የለም፣ ካርቶን የለም፣ ጥፍርማ ማሰብም የለም። የግድግዳ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ አንድ ጊዜ የደንበኛ ጢም ላስተካክልበት ብሎ ቢጠይቅ፣ እታለም ሦስት ቀን ሰላምታ ነሳችው።

እናታችን ሌላም ሕግ ነበራት። ከእጇ የወጣ ጨርቅ ሁሉ ኪስ አለው። ሱሪና ቀሚሱ ይቅርና የትራስ ልብሱም፣ መጋረጃውም፣ የጠረጴዛ ልብሱም። «ኪስ የሌለው ጨርቅ ከፈን ብቻ ነው» ትል ነበር። ደንበኛ ሲያጉረመርም «ባትጠቀምበትም ይኑርህ» ነው መልሷ። እኛም እንደዚያው ነን። እጃችን ሳይጠየቅ ይሰፋዋል።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ቀጭን ሰው በራችን ላይ ቆሞ በጣቶቹ አራት ማዕዘን ሠርቶ በዚያ ውስጥ ያየኛል። ዓይኑን የታመመ መስሎኝ አዘንኩለት።

«እማማ፣ ሰማይ ይሰፋሉ?» አለኝ።

«እማማ አትበለኝ፣ ጥርሴ ሙሉ ነው። ስንት በስንት?»

ሃያ በአርባ ሜትር አለ። የፊልም ዳይሬክተር ነው። የሚሠራው ፊልም ሳይንስ ነው አለኝ፣ ልብ ወለድም ነው አለኝ፤ ሁለቱ እንዴት በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚያድሩ አልገባኝም። አንዲት ሴት በመንኮራኩር ሆና ሰማይ የሚያልቅበት ቦታ ድረስ ትሄዳለች አለ። ሌላው ሁሉ ሰማዩን በኮምፒውተር ነው የሚሠራው፤ እሱ የሚፈልገው የሚዳሰስ ሰማይ ነው። ጥቁር፣ ሦስት ሺህ ኮከብ ያለው፣ ማለቂያ የሌለው፣ ስፌት የማይታይበት።

«ስፌት የሌለው ሰማይ የፈጣሪ ነው» አልኩት። «እኔ ጋ በስፌት ነው። ማለቂያውም ይዘመዘማል። ካልተዘመዘመ ይተረተራል።»

እታለም ከመኪናዋ ቀና ሳትል «ይተረተራል» አለች።

ሃያ አንድ ቀን ፈጀብን። ጨርቁ ሱቃችንን ሞልቶ በበሩ ወጣ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ ተመልሶ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ገባ። የእሱ ደንበኞች ሰማይ ላይ ተቀምጠው ተላጩ። እስከ ዛሬ በአንደኛው ጠርዝ ፀጉር ሳይኖርበት አይቀርም። እታለም ከአንዱ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው ጫፍ ጀምረን ፔዳላችንን እየረገጥን መሐል ላይ ተገናኘን። ሦስት ሺውን ቀዳዳ እንደ ቁልፍ ቤት አንድ በአንድ በእጄ ዘመዘምኩት። ከበስተጀርባው መብራት ሲበራ ኮከብ ይሆናል ተብሏል። ሲያልቅ በላይኛው ግራ ጥግ ኪስ ሰፋሁለት። ጥቁር በጥቁር ስለሆነ ማንም አላየውም። ማንንም አላስፈቀድኩም።

ሰማዩ መጋዘን ውስጥ በተሰቀለ ቀን የተንጠለጠለ ክር ልቆርጥ መቀሱን ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ። እታለም በጉልበቷ ምክንያት ሱቅ ቀርታለች። ሥራዬን ጨርሼ ወርጄ ቤቴ ገባሁ። መቀሱ የለም።

ፈለግን። የመኪናውን ሆድ ዕቃ ሳይቀር ፈታን። በማግሥቱ ሥራ ስለማይቆም ከገበያ ቀይ የፕላስቲክ እጀታ ያለው መቀስ ገዝቼ መጣሁ። ጥፋቴ ይሄ ነው። እታለም ቀዩን መቀስ አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና መቀሱን አየች።

«የእናቴን መቀስ ሸጠሽ ፕላስቲክ ገዛሽ!»

«አልሸጥኩም» አልኳት።

አንድ ጊዜ ነው ያልኳት። አንድ ጊዜ ከተናገርኩ አልደግምም፤ አፌ ዘፈን አይደለም። እሷም አንድ ጊዜ ካመነች አይነቀልላትም። በሦስተኛው ቀን ሱቁን መሐል ለመሐል በመጋረጃ ከፈለችው። እሷ ወደ መስኮቱ፣ እኔ ወደ በሩ። ዝምዝማቱ በንዴት የተሰፋ ስለነበር ጠማማ ነው። እንዳልነግራት ደግሞ አንነጋገርም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቋንቋችን ፀጉር አስተካካዩ ሆነ። ሲገባ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ «ለዚያች ሴትዮ ንገራት፣ ጥቁር ክር አልቋል በላት» ትላለች። እኔ በሁለት ክንድ ርቀት ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እሱ ዞር ብሎ «ጥቁር ክር አልቋል» ይለኛል። «ሰምቻለሁ በላት» እላለሁ። እሱ ከሌለ የገባ ደንበኛ ይነግራል። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው የሁለታችንን የአንድ ሳምንት መልእክት ተሸክሞ ይወጣል።

እንዲህ እያልን ስምንት ወር ሄደ። አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ «እትዬ! ሰማይሽ መጣ!» ብሎ ጮኸ። እሱ ሱቅ ባለው ቴሌቪዥን የፊልሙን ቅንጫቢ እያሳዩ ነው። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። ጥቁር ነው፣ ዝም ይላል፣ ኮከቡ ብልጭ ይላል፣ አንዲት ሴት በአየር ላይ ትንሳፈፋለች። ከዚያ መጨረሻው ላይ፣ በላይኛው ግራ ጥግ፣ ኪሴ። ሆዱ ተነፍቷል። የሆነ ከባድ ነገር ወደ ታች ጎትቶታል።

ያኔ ትዝ አለኝ። መሰላሉ ላይ ሆኜ ክሩን በሁለት እጄ ለመያዝ መቀሱን ለአፍታ ኪሱ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከዚያ የሆነውን በኋላ እናገራለሁ።

ለእታለም አልነገርኳትም። መቀሱን ይዤ መጥቼ፣ መጋረጃውን ገልጬ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ቃል ሳልተነፍስ ዘጭ ላደርገው ነው ያማረኝ። ሽርጤን ሳልፈታ የፊልሙ ቢሮ ሄድኩ። ሁለት ስልክ የያዘች ልጅ ተቀበለችኝ።

«ሰማዩ ኪስ ውስጥ መቀስ አለ። የእናቴ ነው። ስጡኝ።»

ልጅቷ ፊቷ አመድ ሆነ። በሩን ዘጋች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ መጋረጃውን ዘጋች። ኪስ የለውም መጋረጃው። ዳይሬክተሩን ጠራችው፤ እየሮጠ መጣ።

ጉዳዩ ለካ ሌላ ሆኗል። በቀረጻው የመጨረሻ ቀን ተዋናይቷ በገመድ ተንጠልጥላ ስትንሳፈፍ እጇ ኪሱ ውስጥ ገባ፤ መቀሱን ይዛ ወጣች። ዳይሬክተሩ አለቀሰ አሉ። የፊልሙን መጨረሻ ቀዶ ጥሎ እንደ አዲስ ጻፈው።

«ሰማዩ ራሱ ነው የሰጠኝ» አለኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«ሰማዩ አይደለም የሰጠህ። እኔ ረስቼው ነው።»

«እባክዎን ይሄን ለማንም እንዳይናገሩ! ዓለም ሁሉ ኪሱ ውስጥ ምን አለ ሊል ነው!»

አሥራ አራት ገጽ ወረቀት አመጡ። ፊልሙ እስኪታይ ድረስ ኪሱ ውስጥ ያለውን ለማንም፣ ለሥጋ ዘመድም ቢሆን፣ ላልናገር፤ ፊልሙ በታየ ቀን መቀሱ ሊመለስልኝ። ካልፈረምኩ አይመለስም አሉ። ለፊልሙ መውጣት የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ሦስት ሳምንት ምን አላት ብዬ ፈረምኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው።

ሦስት ሳምንቱ ሲደርስ ፊልሙ ተላለፈ። ጸጥታው በቂ ጸጥታ አይደለም ተባለ፣ ሌላ ጸጥታ ሊቀርጹ ሄዱ። ተመልሰው መጡና ጥቁሩ በዝቷል ተባለ። ከዚያ ፊልሙ አራት ሰዓት ሆነ፤ ሊያሳጥሩት ገቡና አምስት ሰዓት ሆኖ ወጣ። እንዴት ነው ስል ፀጉር አስተካካዩ «ጥበብ ነው» አለኝ። ሱሪ ሊያሳጥር ገብቶ አስረዝሞ የሚመልስ ልብስ ሰፊ ደንበኛው ምን እንደሚለው እኔ ነኝ የማውቀው።

በዘገየ ቁጥር ሰው አበደ። የኪሱን ነገር ሁለት ምሁራን በቴሌቪዥን ተከራከሩበት። አንደኛው ጥቁር ጉድጓድ ነው አለ፤ ሁለተኛው የሰው ልጅ ናፍቆት ነው አለ። በመጨረሻ ውሃ ተረጫጩ። ሱቃችን በደንበኛ ተጨናነቀ። አንድ ጎልማሳ ኮቱ ጀርባ ላይ፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ፣ ኪስ አሰፋ።

«ምን ልታስቀምጥበት ነው?» አልኩት።

«ምንም። እንደ ሰማዩ።»

አንዱ ለጃንጥላው አሰፋ። አንዲት ሙሽራ ለዓይነ ርግቧ ኪስ አዘዘች። ፀጉር አስተካካዩ ማጅራት ላይ የኪስ ቅርጽ መላጨት ጀመረ፤ ወረፋው እኛ በር ድረስ መጣ። እናታችን ዕድሜ ልኳን ስትለምናቸው እንቢ ያሉ ሰዎች ልጆች እየተጋፉ ኪስ ጠየቁን። እኔና እታለም ጀርባና ጀርባ ሆነን ቀን ሙሉ ኪስ እንሰፋለን፤ አንነጋገርም።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። «ለዚያች ሴትዮ ንገራት» አልኩት ፀጉር አስተካካዩን፣ «የመቀሱን ነገር ፊልሙ ሲወጣ ታየዋለሽ በላት።»

«ምን?» አለች ከመጋረጃው ወዲያ። «ጠይቃት እስቲ፣ መቀሱ የት ነው በላት።»

«መናገር አልችልም በላት። ፈርሜያለሁ።»

«ሰማህ አይደል? መቀሴ ጠፋ ስላት ፊልም ተመልከቺ ትለኛለች! ፈርሜያለሁ ነው የምትለው? ለማን? ለገዛው ሰው ነዋ የፈረመችው!»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ይሄንንም ልንገርሽ?»

«ጆሮ አለኝ!» አልኩት።

መናገር እችል ነበር። ማን ያየኛል? ግን ፊርማ ፊርማ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል የደረስኩት ስሜን ለመጻፍ ነው፣ የጻፍኩትን ደግሞ አልበላም። እንዲህ ሆኜ ዓመት ከአራት ወር ቆየሁ።

ከዚያ የባሰው መጣ። እታለም በፀጉር አስተካካዩ በኩል ላከችብኝ። «ለዚያች ሴትዮ ንገራት፣ ወሩ ሲያልቅ መኪናዬን ጭኜ ልጄ ጋ ልሄድ ነው በላት። ሱቁን ትውሰደው። ከሌባ ጋር አርጅቼ አልሞትም በላት።»

ፀጉር አስተካካዩ ይሄን ሳይነግረኝ ወጣ። መቀስ ማንሣት አቃተኝ። ሌላ ከተማ ነው ልጇ ያለችው። መኪናዋ ከሄደ የዚያ ፔዳል ድምፅ ይሄዳል፤ እኔ ያለ እሱ ድምፅ ቀጥ ያለ መስመር ሰፍቼ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ፊልሙ ይወጣል ተባለ። በሃያ ስምንት። እሷ በሠላሳ ልትሄድ። ሁለት ቀን ነው ያለኝ። እነሱ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ቃላቸውን ጠብቀው አያውቁም። በየቀኑ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ቤት ብቅ እላለሁ።

«ተላለፈ?»

«አልተላለፈም፣ እትዬ።»

ሃያ አምስት። አልተላለፈም። ሃያ ሰባት። አልተላለፈም። ፀጉር አስተካካዩ ሦስት ቲኬት ቆረጠ። እታለምን እንዴት እንዳሳመናት አልነገረኝም፤ በኋላ ስሰማ «ይቺ ሴትዮ በውሸቷ በአደባባይ ስትዋረድ አታዪም?» ብሏት ነው። ለዚያማ ጉልበቷም አላመማት።

ከሰዓት በኋላ ነው የገባነው። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ሰው ሁሉ ኪስ በኪስ ሆኖ ለብሷል። ፀጉር አስተካካዩ መሐላችን ተቀመጠ። መብራቱ ጠፋ።

«ለዚያች ሴትዮ ንገራት፣ ጨለመ በላት» አለች እታለም።

«ፊልም ነው በላት።»

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሴትየዋ በመንኮራኩሩ መስኮት ወደ ውጭ ታያለች። በቃ። በሁለተኛው ሰዓት ዞራ በሌላኛው መስኮት ታያለች። ሰማዩ ብቅ ባለ ቁጥር አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ወደ ግራ ወደ ላይ ያቀናል። አንዱ «ያውና!» ብሎ ጮኸ። የስክሪኑ እድፍ ነው።

«ንገራት፣ የሴትየዋ ልብስ ትከሻው ተሸብሽቧል።»

«አይቻለሁ በላት። እጅጌው ተገልብጦ ነው የገባው።»

«እኔም አይቻለሁ በላት።»

«ሁለታችሁም አይታችኋል!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ያላየሁት እኔ ነኝ! ዝም በሉኛ!»

በአራተኛው ሰዓት መንኮራኩሩ ቆመ። ሴትየዋ ወጣች። ድምፅ የለም። ጥቁር ነው፤ በጣም ጥቁር። ከዚያ ሦስት ሺውም ባንድ ጊዜ በራ።

እዚያ ሦስት ሺህ ቀዳዳ ላይ ጣቴን ስንቴ እንደወጋሁ አውቃለሁ። ግን ያ ሰማይ የእኔ እጅ ሥራ አይመስልም። አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። በፀጉር አስተካካዩ ትከሻ ላይ አሻግሬ እታለምን አየኋት። አፏ ተከፍቷል። የሰፋችውን ግማሽ ሰማይ በርቶ ያየችው ገና አሁን ነው።

ሴትየዋ ወደ ላይ ተንሳፈፈች። ወደ ግራ። ኪሱ ደረሰች። እጇን ከተተች። አወጣች።

መቀሱ ቤት ያህላል። ሰማያዊው እራፊ የአልጋ ልብስ ያህላል። እናታችን የቋጠረችው ቋጠሮ ራሱ ይታያል።

እታለም ብድግ አለች። «የእናቴ መቀስ!»

ሰዉ የፊልሙ አካል መስሎት አጨበጨበ። ስክሪኑ ላይ ሴትየዋ መቀሱን ከፈተች፤ ወደ ሰማዩ አስጠጋችው።

«ኧረ ተዪ! አንቺ ልጅ፣ ተዪ!» አለች እታለም ወደ ስክሪኑ እጇን እያወናጨፈች። «ጨርቅ ብቻ ነው የሚቆረጥበት! ታደነዝዢዋለሽ!»

ያኔ እኔም ተነሣሁ። «ጨርቅ ነው! ሰማዩ ጨርቅ ነው! እኔና አንቺ ነን የሰፋነው!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ዳይሬክተሩ አንድ ዓመት የፈለገው ጸጥታ ያኔ ነው የተገኘው። ሴትየዋ ሰማዩን ቆረጠችው። ቅርርርጭ አለ፤ ያ ድምፅ፣ የእናታችን ቤት ድምፅ። በተቀደደው በኩል ነጭ ብርሃን ገባ። ሰው አለቀሰ።

እታለም ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ጠይቃት» አለች፣ ድምፇ ቀጥኗል። «እንዴት ረሳችው በላት።»

«መብራቱን አበሩት በላት። መሰላሉ ላይ ሆኜ እንዲህ ነው የበራው፣ ፊቴ ላይ። እጅ እንዳለኝም ረሳሁ በላት። ባዶ እጄን ወረድኩ። ሰማዩ ውብ ሆኖብኝ ነው በላት።»

ይሄን ለሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ፊልሙ ሲያብድ «ጨርቅ እኮ ነው» እያልኩ የምስቀው እኔ ነኝ።

ፀጉር አስተካካዩ አልነገራትም። በመሐረቡ ፊቱን ሸፍኖ እየተንሰቀሰቀ ነው። እታለም ጠበቀች። ከዚያ በጭኑ ላይ አሻግራ ጎንበስ አለች።

«አንቺ» አለችኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቺ» አላለችኝም።

«አቤት።»

«መቼ ነው የሚመልሱልን?»

ፊልሙ ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል፤ ተነሥተን ወጣን። መቀሱን መተላለፊያው ላይ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አድርገውታል፤ ዘበኛ ቆሞበታል። ዳይሬክተሩም እዚያው አጠገቡ ጥፍሩን እየበላ ይንጎራደዳል። እታለም ቀጥ ብላ ሄዳ ሣጥኑን ከፈተች። ዘበኛው ተንቀሳቀሰ፤ ፊቷን ሲያይ ተመለሰ። መቀሱን አንሥታ ጆሮዋ ጋ ወስዳ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገችው፣ እንደ እናታችን።

«ደንዝዟል» አለች።

«እባክዎን» አለ ዳይሬክተሩ፣ «ይሄ እኮ አሁን የአንድ ሰው አይደለም። የሰው ልጅ ሁሉ ነው!»

«የሰው ልጅ ሁሉ ሱሪ ያሳጥራል?» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ፈርመሻል አላልሽም?»

አሥራ አራቱን ገጽ ከኪሴ አወጣሁ። ዳይሬክተሩ አየው። በጣቶቹ አራት ማዕዘን ሠርቶ ሁለታችንን አየን።

በማግሥቱ መቀሱን አስሳልነው። መጀመሪያ የተቆረጠበት መጋረጃው ነው፤ እታለም ራሷ አወረደችው። በእኔ በኩል የማይታይ፣ በእሷ በኩል ኪስ ነበረው። በዚያ ንዴት ውስጥ ሆና እንኳ ሰፍታለታለች። ከመጋረጃው ሁለት ሽርጥ ወጣው። ጠማማውን ዝምዝማት አሁን በአፌ ነገርኳት። «አንቺ ነሽ ያናደድሽኝ» አለችኝ። ሠላሳ መጣ፣ መኪናዋ ካለበት አልተነሣም።

ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ ተመልሶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ እማማ ሊል ጀምሮ ዋጠው።

«ፀሐይ ትሰፋላችሁ?» አለ።

«ስንት በስንት?» አልኩት።

እታለም ከመኪናዋ ቀና ሳትል፣ ፔዳሏንም ሳታቆም፣ «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው» አለችኝ፣ «ኪስ አላት በዪው።»